ለትንንሾቹ ማይኮች ባለ 9 ቮልቱ ይሻላል
ትናንት ማታ የጓደኞቼን ባንድ ሙዚቃ መድረክ ላይ ቀዳሁ (አስፈቅጄ ነው፣ አትጠርጥሩኝ 😄)። ከዚያ በፊት ግን ከሰዓቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ኮሌታ ላይ የሚሰኩት ትንንሽ ማይኮች ኃይል ከየት ያግኙ?

ሪከርደሩ ራሱ በማይክ መሰኪያው በኩል 2 ወይም 3 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ለቃለ መጠይቅ ይበቃል። ድራምና ቤዝ ጊታር ሲመጣ ግን ማይኩ አይችለውም፤ ድምፁ ይሰነጠቃል። የሪከርደሩን የመቅጃ መጠን ዝቅ ብታደርጉትም ዋጋ የለውም፤ የተበላሸው ገና ማይኩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚገባባትን ትንሽ ሳጥን ያዝኩ። ማይኮቹ ከእሷ ኃይል ያገኛሉ፤ የእሷ ገመድ ደግሞ ሪከርደሩ ላይ ላይን ኢን (ከማይኩ መሰኪያ የተለየው፣ ጠንከር ያለ ሲግናል የሚቀበለው መሰኪያ) ውስጥ ይሰካል። ኪስ ውስጥ አንድ ዕቃ መጨመሯ ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የላትም። ባትሪም አትበላም።

48 ቮልቱን ፋንተም ፓወር (ሚክሰሮችና አንዳንድ ሪከርደሮች ለትልልቅ ማይኮች በገመድ የሚልኩትን ኃይል) ግን ያለ አዳፕተር እንዳትሞክሩት! ትንንሾቹን ሊያቃጥላቸው ይችላል።

ዛሬ ጠዋት በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ቤዙ ሙሉ፣ ድራሙ ጥርት ያለ። አጠገቤ ቆሞ ሲያፏጭ ያመሸው ሰውዬም እንደዚያው ጥርት ብሎ ገብቷል። 😅