ታንከር ላይ የተንሳፈፈው የጦስኝ ዘይት

ነገሩ የሆነው በአንድ የሥጋ ዶሮ እርባታ ነው። ሦስት ሳምንት የሞላቸው ዶሮዎች የአንጀት ሕመም እንዳይነካቸው በሚል 500 ሊትር በሚይዘው የውሃ ታንከር ላይ 100 ሚሊ ሊትር የጦስኝ ዘይት ተጨመረበት። ቀኑን ሙሉ ምንም አልታየም። በማግሥቱ ጠዋት የዶሮ ቤቱ ሠራተኛ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለ፦ «ዶክተር፣ ዶሮዎቹ ውሃ እምቢ ብለዋል። ምንቃራቸውን ነክረው ራሳቸውን ያራግፋሉ።»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘይቱ ከውሃ ይቀላል፣ የታንከሩ መውጫ ደግሞ ከታች ነው። ጥቂቱ ቢሟሟም አብዛኛው ላዩ ላይ ቀርቶ ነበር። ሌሊት ውሃው ሲያልቅ ያ ሁሉ ዘይት ተጠቃሎ ወደ መጠጫዎቹ በሚሄደው የውሃ መስመር ውስጥ ገባ። በጦስኝ ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያን ሽፋን ስለሚያፈርሱ ነው የሚፈለጉት፤ ሲበዙ ግን የዶሮውንም አፍ ያቃጥላሉ። ውሃ ያልጠጣ ዶሮ መኖም አይበላም። ታንከሩ ተደፍቶ፣ መስመሩ በንጹህ ውሃ በደንብ ከታጠበ በኋላ ነው መጠጣት የጀመሩት።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። «ዘይቱ አለ» ተብሎ ጉዝጓዙ ተረስቷል። ከሚያንጠባጥቡት መጠጫዎች ሥር ያለው ጭድ በእጅ ሲጨበጥ ተጣብቆ ይቀር ነበር። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የኮክሲዲያ (አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ) እንቁላል ይበስላል፤ ኮክሲዲያው የአንጀቱን ግድግዳ ያቆስላል፤ በቁስሉ ላይ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል። ይህን ሰንሰለት በዘይት ብቻ መበጠስ አይቻልም። ደረቅ ጉዝጓዝና የማያንጠባጥብ መጠጫ ይቀድማሉ።

የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዕድገት ማፋጠኛ አንቲባዮቲክን በመኖ መስጠት ከከለከለ ወዲህ የእጽዋት ዘይቶች ተፈላጊነት ጨምሯል። ጠቃሚ ናቸው፤ አሰጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውሃ ይልቅ በመኖ መስጠቱ ይሻላል። ለአንድ ኩንታል መኖ ከ10 እስከ 20 ግራም ዘይት ይበቃል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በአንዴ ኩንታል ላይ ከተረጨ አንዱ ዶሮ ብዙ፣ ሌላው ምንም አያገኝም። መጀመሪያ ዘይቱን ከ1 ኪሎ ፉርሽካ ጋር በጓንት እያሹ ማዋሃድ፣ ያንን ከ10 ኪሎ መኖ ጋር መደባለቅ፣ በመጨረሻ ወደ ቀሪው መጨመር ነው። ዘይቱ ስለሚተን ድብልቁን በተዘጋ ከረጢት፣ ከፀሐይ ርቆ ማስቀመጥና ቶሎ መጨረስ ያስፈልጋል። መኖው በሙቀት ተጨምቆ የሚሠራ ከሆነም ከፊሉ በእንፋሎት ይሄዳል።

በውሃ መስጠት ግድ ከሆነ ደግሞ ከውሃ ጋር እንዲዋሃድ ሆኖ የተዘጋጀውን ብቻ መጠቀም ይገባል። መፈተኛው ብርጭቆ ነው፦ በሚሰጠው መጠን ቀላቅሎ አንድ ሰዓት ማቆየት። ወተት መስሎ ከቆየ ይሠራል። ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ክብ ከታየ ታንከር ውስጥ አይግባ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያልተሸፈነ ቲሞል አብዛኛው ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ባክቴሪያው ወደሚበዛበት የአንጀት ክፍል የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በስብ ተሸፍኖ የተዘጋጀው ዋጋው ከፍ ቢልም ወደ ታች ይደርሳል። የጦስኝ ዘይት ይዘትም እንደበቀለበት ቦታ ስለሚለያይ አዲስ ግዢ በመጣ ቁጥር በኩንታል ከ10 ግራም መጀመርና የየቀኑን የውሃ ፍጆታ መመዝገብ ይበጃል፤ ፍጆታው ከቀነሰ ድብልቁ ይቁም። ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ ግን የመከላከያው ጊዜ አልፏል፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይጠራ።