ኒንጃዬን ሳሟሽ

አዲሷ ሞተር ሳይክሌ ከመጣች ወዲህ መጀመሪያ የተለወጠው የማለዳ መንገዴ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ። በመኪና ስሄድ ሁልጊዜ 395 ሃይዌይን ነበር የምይዘው። ሞተሯን ከገዛሁ በኋላ ግን ለሳምንታት ያን መንገድ ተውኩት። ያስቀረኝ ከእሷ ጋር የተሰጠኝ መመሪያ ነው።

የገዛኋት ካዋሳኪ ኒንጃ 400 ናት። የሞተሯ መጠን 399 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ስድስት ማርሽ። አዲስ ሞተር እንደ አዲስ ምጣድ ነው፤ መጀመሪያ በደንብ ካልተሟሸ ኋላ ያስቸግራል። መመሪያው እስከ 500 ማይል ድረስ ሞተሯን በደቂቃ ከ4000 ዙር በላይ እንዳላስጮሃት ያዛል። ከ500 እስከ 1000 ማይል ደግሞ ጣሪያው 6000 ነው። ሲነበብ ቀላል ነው። መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። በስድስተኛ ማርሽ 4000 ዙር ማለት በሰዓት 40 ማይል ገደማ ነው። በ40 ማይል 395 ላይ መውጣት ራስንም ሌላውንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

ስለዚህ ሩት 1ን ያዝኩ። ክሪስታል ሲቲን አቋርጦ ወደ ፖቶማክ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ነው። መብራት ይበዛበታል፤ አውቶቡስ ይቆማል፣ እግረኛ ይሻገራል። ለአዲስ ሞተር ግን እንዲህ ያለ መንገድ ይስማማዋል። የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በደንብ የሚላመዱት ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ መንዳት አይመከርም። ሩት 1 ደግሞ በአንድ ፍጥነት ልሂድ ብትልም አያስኬድህም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መብራት፣ እንደገና አንደኛ። ጎማዎቹም አዲስ ስለሆኑ ያንሸራትታሉ፤ እነሱም መቶ ማይል ያህል ይፈልጋሉ። በእነዚያ ቀናት መታጠፊያ ላይ ሞተሯን ብዙ አላጋደልኳትም፤ ፍሬንም በድንገት አልያዝኩም።

ጓደኞቼ ሲያዩአት የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ለምን 600 ሲሲ አልወሰድክም?» አንዳንዱ 1000 ይላል። ጥያቄያቸው ገብቶኛል፤ ስፖርት ሞተር ሲባል በሁላችንም ዓይን የሚመጣው ትልቁ ነው። እኔ ግን የገዛሁት ለሥራ መሄጃ ነው። ያማሃ አር6ን ውሰዱ። ድንቅ ሞተር ነው፤ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚያወጣው ግን 14,500 ዙር ላይ ነው። ክሪስታል ሲቲ መብራት ላይ ቆሜ 14,500 ዙር ምን ይሠራልኛል? የቨርጂኒያ ሕግም አለ። ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ያለፈ፣ ወይም ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው የሚከሰሰው በወንጀል ነው፤ ተራ የትራፊክ ቅጣት ከፍሎ የሚገላገለው ነገር አይደለም። ኢንሹራንሱን ልተወው። የእኔዋ ከነነዳጇና ከነዘይቷ 168 ኪሎ ገደማ ናት። ጋራዥ ውስጥ በእጄ ገፍቼ አዞራታለሁ። መቀመጫዋ ላይ ሆኜ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ። ለዕለት ኑሮ እነዚህ ነገሮች ከፈረስ ጉልበት ይበልጣሉ ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ለየቀኑ መሄጃ ስፖርት ሞተር ቢያማክረኝ ያለ ማመንታት ትንሿን ግዛ እለዋለሁ።

እንዲህም ሆኖ ሰውነትን መልመድ ያስፈልጋል። የኒንጃ 400 አቀማመጥ ከትልልቆቹ የላላ ነው፤ ያም ሆኖ ወደ ፊት ያስጎነብሳል። መጀመሪያ ላይ የእጄ አንጓ አመመኝ። ትራፊክ ሲቆም ክብደቴ በሙሉ መዳፌ ላይ ያርፋል። ቀስ እያልኩ ታንከሯን በጉልበቴ መያዝ ለመድኩ። ጉልበት ሲይዝ ሆድና ጀርባ ይሸከማል፤ ክንድ ይላላል፤ አንጓም ያርፋል። ክንድ ሲላላ ደግሞ መሪው ይታዘዛል። ፍሪሲዮኗ ለስላሳ መሆኑ አግዞኛል። ቁም ሂድ በሆነ መንገድ ላይ ግራ እጅ ካልደከመ የቀረው ይቻላል።

የከበደኝ የዕቃ ነገር ነው። ምሳዬን ከቤት ነው የምወስደው፤ እንጀራና ሽሮ ጎንበስ ብለህ ስትነዳ ጀርባህ ላይ አይመችም። ቦርሳውም ትከሻን ይጫናል፤ ያ ክብደት ተመልሶ ወደ አንጓ ይወርዳል። አሁን ከኋላ መቀመጫው ላይ የሚታሰር ቦርሳ ገዝቻለሁ። ምሳ ዕቃው ተኝቶ ይገባል፣ የሥራ ጫማዬ ከጎኑ፣ የዝናብ ልብሱ ከላይ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ማለዳዬን ግን ቀየረው።

ሕንፃችን ምድር ቤት ውስጥ ከእኔ አጠገብ መኪናቸውን የሚያቆሙ ጋሼ አሉ። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ሞተሯን ባዩ ቀን ሳይጠሩ መጥተው ተንበረከኩ። ከማርሚታው እስከ ጎማው ዓይናቸው ያላረፈበት የለም። ካቴናውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው ለኩት።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን በየስንት ጊዜው ነው የምትቀባው?»

«በየ400 ማይሉ ይላል መመሪያው፣ ጋሼ።»

«ዝናብ ከመታህ አትጠብቅ። ደግሞ አጥብቀህ አትወጥረው። ካቴና ሲላላም ሲወጠርም ጥርሱን ይበላል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ካቴና ስጠርግ ይወርዳሉ። መብራት ይይዙልኛል። እኔ ጎማውን አዞራለሁ፤ እሳቸው የቀረውን ቦታ ያሳዩኛል። ሞተሯ ባትኖር ኖሮ ከእሳቸው ጋር ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር ይኖረን ነበር ብዬ አላስብም። አሁን የቡና ሰዓታቸው ላይ ባለቤታቸው ይጠሩኛል።

እናቴ ግን እስካሁን አልተቀበለችውም። አዲስ አበባ ነው ያለችው። ሞተር ሲባል የሚታያት ስልክ መንጭቆ የሚሸመጥጥ ሰው ነው። አልፈርድባትም። የከተማው አስተዳደርም በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ሳይክሎችን ከመንገድ ሲያግድ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ዝርፊያ ነበር። ሌላው ፍርሃቷ የእናት ፍርሃት ነው፤ እሱን በመረጃ አላስለቅቀውም። በቪዲዮ ሄልሜቱን አሳየኋት። የጃኬቱን ክርንና ትከሻ ነክቼ ውስጡ ያለውን መከላከያ አሳየኋት። ጓንቱን፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚይዘውን ጫማ። ዝም ብላ አይታ «ሙቀቱን እንዴት ትችለዋለህ?» አለችኝ። የዲሲ ሐምሌ ወበቁ ከባድ ነው፤ እውነቷን ነው። ነፋስ የሚያሳልፍ ጃኬት አለ፤ ያም ቢሆን ቆመህ ያልብሃል። ሳልለብስ ግን አልወጣም፤ ይህን ቃል ሰጥቻታለሁ። ሥራ ስደርስ አንድ መልእክት እልካለሁ። «ደርሻለሁ እማዬ።» እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። መልሷ ሁሌም ፈጣን ነው፤ ስልኩን ይዛ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

በማለዳ ያስቸገረኝ አንድ ሌላ ነገር መብራት ነበር። ወደ ግራ መታጠፊያ ላይ ብቻዬን እቆማለሁ፤ ቀዩ አይለቅም። አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ መኪናን ያውቃል፤ ትንሽ ሞተርን ግን አንዳንዴ አያውቅም። አስፋልቱ ላይ የተቆረጠውን መስመር ፈልጎ ጎማን በቀጥታ እሱ ላይ ማቆም ይረዳል። ካልሆነ የቨርጂኒያ ሕግ ለሞተር መውጫ ሰጥቷል፤ ሙሉ በሙሉ ቆሞ 120 ሰከንድ ወይም ሁለት የመብራት ዙር፣ ከሁለቱ ያጠረውን ከጠበቁ በኋላ፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቶ ቅድሚያ እየሰጡ ማለፍ ይቻላል። ይህን ሳላውቅ ብነዳ ኖሮ ማለዳዬ በንዴት ይጀምር ነበር።

600 ማይል ላይ የመጀመሪያውን ሰርቪስ አስደረግኩ። ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፤ ሞተሩ ሲሟሽ የሚፈጨው ደቃቅ ብረት ከዘይቱ ጋር ይወጣል፤ ይህን ሰርቪስ ማዘግየት የለብኝም ያልኩት ለዚህ ነው። አሁን ጣሪያዬ 6000 ዙር ነው። ይህም 60 ማይል ገደማ ይሰጠኛል። ወደ 395 ተመለስኩ ማለት ነው።

395 ላይ ባለመኪና ከፍሎ የሚገባበት ኤክስፕረስ መስመር ለሞተር ነፃ ነው። ኢዚ ፓስ የሚባለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ እንኳ አይጠየቅም። ጠዋት መስመሩ ወደ ዲሲ ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ይገለበጣል። ባለመኪናው እንደ መንገዱ መጨናነቅ ከፍ ዝቅ የሚል ዋጋ ሲከፍል እኔ በቀኝ መስመር በልኬ እሄዳለሁ። በተሰለፉ መኪኖች መካከል እየሰነጠቁ ማለፍ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኤክስፕረሱ ባለበት ደግሞ አያስፈልገኝም። ትልቅ አውቶቡስ ሲያልፈኝ ነፋሱ ይገፋታል። ክንድን አላልቶ መተው ነው መድኃኒቱ፤ ቀላል ሞተር ናት፣ ትወዛወዝና ራሷ ትስተካከላለች። ፔንታጎንን አልፌ ድልድዩ ላይ ስወጣ የብረት መገጣጠሚያዎቹን በቀጥታ ነው የማልፋቸው፤ ሲዘንብ ያዳልጣሉ። ዝናብ ሊጀምር ሲል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እፈራቸዋለሁ። አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይት የሚነሳው ያኔ ነው።

የክረምቱንም ነገር ወስኛለሁ። በረዶ ሲጥል፣ መንገዱም ጨው ሲበተንበት፣ እሷ ምድር ቤት ትቆማለች፤ እኔ በሜትሮ እሄዳለሁ። ጨው ብረትና ካቴና ይበላል። ቆማ ባትሪዋ እንዳይሞት ቀስ እያለ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልጋታል፤ የማቆምበት ቦታ ግን ሶኬት የለውም። ጋሼ በእሳቸው በኩል ካለው ግድግዳ ላይ አንድ ሶኬት አሳይተውኛል። ሰኞ የሕንፃውን ቢሮ ሄጄ ቦታ እንድንቀያየር እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ።