ጠርታ ሰረዘች

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ በኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። የሽመና አዳራሽ ገብቶ የማያውቅ ሰው ጫጫታውን መገመት ይቸግረዋል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች እንኳ የሚግባቡት በእጅ ምልክትና አንዱ የሌላውን ከንፈር በማየት ነው። ማሽን ሲበላሽ ኦፕሬተሯ መካኒክ ፍለጋ አዳራሹን ታቋርጣለች፤ እስክትመለስ ሌሎቹ ማሽኖቿ ጠባቂ የላቸውም። ይህን ለማስቀረት ቀበቶ ላይ የምትሰካ፣ ከክብሪት ሣጥን ብዙም የማትበልጥ መጥሪያ ሠራሁ። አንዱ ቦታ መካኒክ ይጠራል፤ ሌላው ማግ የሚያቀርበውን ሠራተኛ፤ ሦስተኛው የጥራት ተቆጣጣሪውን፤ አራተኛው ጥሪውን ይሰርዛል።

በሥራዬ ኮርቼ እንደነበር አልደብቅም። መጥሪያዋ ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም። ፊቷ እንደ ዘመናዊ ስልክ ልሙጥ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ይሠራል። ያለ ምክንያት አላደረግኩትም፤ የጥጥ ብናኝ በቁልፍ ዳር እየገባ ስንቱን መሣሪያ እንደሚገድል በየሳምንቱ አያለሁ። አራቱን ቦታዎች በአራት ቀለም ለየሁና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ 50 ጊዜ ሞከርኳት። አንድም ጊዜ አልሳተችም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የፈረቃ ኃላፊው አስጠራኝ። ሌሊቱን የአንዲት ኦፕሬተር ማሽን ቆሞ 40 ደቂቃ ያህል መካኒክ አልደረሰላትም። እሷ «ጠርቻለሁ» ትላለች። መዝገቡን ከኮምፒውተሩ አውጥቼ አነበብኩ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ጥሪ፤ በዚያው ደቂቃ ስረዛ።

«ይኸው፣ ጠርተሽ ራስሽ ሰርዘሻል» አላት ኃላፊው።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ ማሽኔ ቆሞ እኔ ለምን እሰርዘዋለሁ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ምስክርነት ሆነባትና ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት።

ጥያቄዋ ግን ሲከነክነኝ ዋለ። መዝገቡን መልሼ ሰከንዱን ሳየው በጥሪውና በስረዛው መካከል አንድ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ሐሳቡን የለወጠ ሰው እንዲህ አይፈጥንም። ወደ አዳራሹ ሄጄ ሌሊት ያደረገችውን እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ዓይኗ የተበጠሰው ድር ላይ ነው። አንድ እጇ ክሩን ይዟል፤ ሌላው በሽርጧ ሥር ገብቶ መጥሪያዋን ይዳብሳል። ጣቷ ቦታውን ሲፈልግ መካኒኩን ነካ፤ ጥሪው ሄደ። መሄዱን የሚነግራት ነገር ስለሌለ ፍለጋውን ቀጠለች። ቀጥሎ የነበረው ስረዛው ነው። በእኔ መጥሪያ ላይ መፈለግና ማዘዝ አንድ ሆነው ኖረዋል። እኔ ደግሞ የሞከርኩት ዓይኔን ገልጬ፣ ሁለት እጄ ነጻ ሆኖ ነበር።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ለተለማማጆች ሁልጊዜ የምተርከው ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ የክንፉን ፍላፕ፣ ማለትም ለማረፍ የሚዘረጋውን ታጣፊ ክፍል፣ የሰበሰቡ መስሏቸው የማረፊያውን እግር ያጥፉና አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ተመሳሳይና ጎረቤታሞች ነበሩ። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ያቀረበው መፍትሔ ለእግሩ መቆጣጠሪያ የመንኮራኩር፣ ለፍላፑ ደግሞ የሽብልቅ ቅርጽ መስጠት ነው፤ አብራሪው ሳያይ በእጁ እንዲለያቸው። ተለማማጆቹ በአብራሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ።

ያን ዕለት ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎ ላይ ጭጋግ ያዘን። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ሙስበሃቸውን፣ የዚክር መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዓይናቸው ግን ከጭጋጉ የሚወጣውን የመኪና መብራት ይከታተላል። ስንወርድ «አባባ፣ ሳያዩት ቁጥሩ አይጠፋብዎትም?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ሦስት ላይ ዶቃው ይለወጣል፤ ምን የሚጠፋ አለው?» ብለውኝ ሄዱ።

ሁለተኛው ሙከራዬም በአንድ ጊዜ አልተሳካም። በመጀመሪያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነጥብ አድርጌ እንደ ብሬል ለመለየት ሞከርኩ። የብሬል ነጥብ ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ የሚያነብ ጣት የሠለጠነ ጣት ነው። የእኛ ሴቶች ጣት ክር ያጠነከረው ነው፤ ነጥቡን ሲያገኙትም ቆም ብለው መቁጠር ነበረባቸው። ሻካራና ለስላሳ ፊትም ሞከርኩ፤ ብናኙ ሁለቱንም አንድ አደረጋቸው። የቀረኝ ቅርጽ ነበር። መካኒኩ ጉብ ያለ፣ ማጉ እንደ ጎድጓዳ ማንኪያ የሰረጎደ፣ ጥራቱ ቀጭን አግዳሚ ሆነ። ጣት ያለ ስጋት ዳብሶ እንዲያርፍበት፣ ትእዛዙ ግን ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ብቻ እንዲሄድ ተራ ቁልፎችን መለስኩ። ብናኙን የሚከለክል አንድ ወጥ የጎማ ሽፋን ከላይ አለበስኩ፤ ሐሳቡን የወሰድኩት ከተሰበረ የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። ስረዛውን ከሌሎቹ አርቄ ወደ ጎን አዛወርኩት፤ ለ2 ሰከንድ ካልተያዘ አይሠራም። ጥሪ ሲሄድ መጥሪያዋ አንዴ አጠር አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ሲሰረዝ ረዘም አድርጋ። የሣጥኗን አንድ ጫፍ ክብ አደረግኩት፤ በየት በኩል ወደ ላይ እንደሆነች እጅ እንዲያውቅ።

ለፈረቃ ኃላፊው ጥፋቱ የመሣሪያዬ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያው ተነሣ፤ እያጉረመረመም ቢሆን። ለእሷ የመጀመሪያዋን አዲስ መጥሪያ ይዤላት ሄድኩ። በነጠላዋ ዓይኗን ሸፍና ሦስቱንም በተራ ጠራችና ነጠላውን ሳታነሣ «ያን ዕለት ይህን ብታውቅ ትናገርልኝ ነበር?» አለችኝ።

እናገር ነበር አልኳት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዲት ግራኝ ኦፕሬተር መጥታ በቀኝ ወገቧ ስትሰካው ስረዛው ልክ አውራ ጣቷ ሥር እንደሚውል አሳየችኝ። ሣጥኑ አሁን ተፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።