ያልተፈታ ሞተር አልፈልግም

አዲስ አበባ መኪና የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚላችሁ ይታወቃል፦ «ሞተሩ ያልተፈታ ነው!» ለኮሮላና ለቪትዝ ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ከተገኘ ሎተሪ ነው። እኔ ግን እዚህ ቨርጂኒያ ተቀምጬ ያማረኝ ፖርሽ ቦክስተር ኤስ ነው፣ የ2003 ሞዴል። ለዚህ መኪና «ማንም አልነካውም» ሲሉኝ ኪሴን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ሥራ ላይ ሀበሻው ምን ያህል እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቃል። የሰው ፖርሽ ስናቆም ስናወጣ ኖረናል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ የሚወጣ ጠበቃ አይቻለሁ። ቁጭ ብሎ፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ ሙቀቱ እስኪደርስ የሚጠብቅም አይቻለሁ። ሁለቱም ሲሸጡ የሚጽፉት ግን አንድ ነው፤ «በጥንቃቄ የተያዘ»።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ልጆቹን የት ልታደርጋቸው ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ሞተሩ እንለፍ።

የመጀመሪያው ትውልድ ቦክስተር ከ1997 እስከ 2004 ሞዴል ያለው ነው። ሞተሩ ኤም96 ይባላል። ስድስት ሲሊንደር አለው፣ ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ ተጋድመው፣ ከወንበሩ ጀርባ የተቀበሩ። ኮፈን ከፍታችሁ የምታዩት ነገር የለም። ፊት ሻንጣ ነው፣ ኋላም ሻንጣ ነው። ከኋላ የዘይትና የውሃ መሙያ ክዳን ታያላችሁ፣ በቃ። ሀገር ቤት አራት ሰው ኮፈን ሥር አንገቱን አስግጎ «እህህ፣ አሪፍ ነው» የሚባባልበት ሥነ ሥርዓት እዚህ አይሠራም።

እዚያ የተቀበረ ሞተር ውስጥ አንድ መካከለኛ ዘንግ አለ። ጉልበቱን በሰንሰለት ተቀብሎ ቫልቮላዎቹን ወደሚከፍቱት ዘንጎች የሚያደርሰው እሱ ነው። በአንድ ጫፉ የተሸከመው ኩሽኔታ ነው የሁሉም ራስ ምታት። ሰዉ «አይኤምኤስ» ሲል የምትሰሙት ይኸው ነው። ኩሽኔታው ከተበተነ ሰንሰለቱ ጊዜውን ይስታል፣ ፒስተንና ቫልቮላ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ያልቅለታል። ሌላ ሞተር ማስገባት የመኪናውን ዋጋ ሊያክል ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ኩሽኔታቸው ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ነበር። ከ2000ና ከ2001 ሞዴሎች ገደማ ጀምሮ ወደ አንድ ረድፍ ተቀነሰ፤ የባሰውም ያኔ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለንብረቶች በጋራ ከሰሱ፣ ጉዳዩም በ2013 በስምምነት አለቀ። በክሱ ላይ የወጣው የብልሽት ቁጥር ለባለ አንድ ረድፉ 8 በመቶ ገደማ፣ ለባለ ሁለቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ካሳው የዕድሜ ገደብ ስለነበረው ለ2003 መኪና ዛሬ ምንም አይፈይድም። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩ በአዲስ ተተክቶ ዘንጉ ራሱ ቀርቷል። እሱን ለመግዛት አቅም ያለው ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም።

ስለዚህ እኔ የምፈልገው የተነካ ሞተር ነው። ኩሽኔታው የተቀየረለት፣ የተቀየረበት ቀን የተጻፈለት።

ልገዛ በዓይኔ የያዝኩት ሁለት መኪና ነበር። አንዱ 41,000 ማይል የሄደ፣ የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ የቆመ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሁለተኛው 88,000 ማይል፣ ፍሬድሪክስበርግ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ቤት። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «41ዱን ውሰድ እንጂ፣ ምን ያስብላል?» አለኝ።

የ41ዱ ካርፋክስ፣ ማለትም የመኪናው የታሪክ መዝገብ፣ ንጹሕ ነው። ካርፋክስ እንግዲህ ጎረቤታችን ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ሴንተርቪል ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ግጭት፣ የባለቤት ለውጥ፣ ምርመራ ላይ የተመዘገበ ማይል። ስለ ሞተሩ ሆድ ዕቃ አንድም ነገር አይነግራችሁም። እኔ የማነበው ማይሎቹን ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራ በሁለት ዓመት አንዴ ስላለ ቁጥሩ ይመዘገባል። የዚህ መኪና ቁጥሮች በሁለት ምርመራ መካከል የጨመሩት ጥቂት መቶ ማይል ብቻ ነው። ቆሞ ነው የኖረው ማለት ነው። መካኒኮች እንደሚሉት ይህ ኩሽኔታ ቆሞ የሚኖር መኪና አይወድም። ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ ጠየቅኩ። የለም።

ከ1996 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ሶኬት አለው። ትንሿን የስህተት ኮድ ማንበቢያዬን ሰካሁ። ስህተት የለም። ደስ ይላል፣ አይደል? ግን ቀጥሎ ያለውን ገጽ ማየት ነው። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ነገሮች ዝርዝር አለ። አንድ ሰው የስህተት ኮድ ሲያጠፋ ዝርዝሩ ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ መኪና ላይ አብዛኛው «አልተጠናቀቀም» ይል ነበር።

«ባትሪ ትናንት ቀይረን ነው» አለኝ ሻጩ።

እውነት ሊሆን ይችላል። ባትሪ መንቀልም ዝርዝሩን ያጠፋዋል። «እንግዲያው ሰሞኑን ንዱትና ዝርዝሩ ሲሞላ ደውሉልኝ፤ ያኔ መካኒኬ የዘይት ፊልትሮውን ከፍቶ ያያል፣ አዲስ ፊልትሮና ዘይት በእኔ» አልኩት። ፊልትሮ መክፈት አይቻልም አለ። አመስግኜ ወጣሁ።

ፍሬድሪክስበርግ ስሄድ መካኒኬን ይዤ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚሠሩ፣ ድሮ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሻጩን ቀድሜ «እባክህ ሞተሩን እንዳታስነሳው» ብዬዋለሁ። ጋሼ እንደደረሱ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ማርሚታውን በእጃቸው ዳሰሱ። ቀዝቃዛ ነው። ሲነሳ ከኋላ ቡፍ ብሎ ጭስ ወጣ። እኔ ደነገጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ ተረጋጋ» አሉኝ። «ሲሊንደሩ ተጋድሟል፣ ሌሊት ዘይት ይተኛበታል። ካልጠፋ ነው የሚያሳስበው።»

ጠፋ። እየቀጠለ ቢሆን ኖሮ ዘይትና አየር የሚለየው ዕቃ ተበላሽቷል ማለት ነው። 911 የሚባለውን ሌላውን ፖርሽ የምትፈልጉ ደግሞ ሁለቱን የጭስ መውጫ አወዳድሩ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ጥላሸት ከያዘ የሲሊንደር ግድግዳ ተቧጥጦ ሊሆን ስለሚችል በካንዴላ ቀዳዳ ካሜራ ይግባ።

ከዚያ ጋሼ ላፕቶፓቸውን ሰኩ። የፖርሽን ኮምፒውተር የሚያነብ ፕሮግራም አላቸው። የ2003 ቦክስተር ኮምፒውተር ሁለት ነገር አይረሳም። ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ከልኩ በላይ ስንት ጊዜ እንደዞረ። ሰዓቱ 2,640 ነው። 88,000ን ለሱ ስታካፍሉ በሰዓት 33 ማይል ገደማ ይመጣል። ከተማም ገጠርም የሚነዳ ሰው አማካይ ነው፣ ያምራል። 12 ወይም 13 ቢመጣ ኖሮ ሜትሩ ተመልሷል ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር።

የዙሩ መዝገብ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ነጂው ነዳጅ ረግጦ መገደቢያው ላይ ሲደርስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያቆመው ብዙ አያሳስብም። ሁለተኛው ግን ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሊል ያሰበ ሰው ሁለተኛ ሲያስገባ የሚመጣ ነው። ጎማው ሞተሩን በጉልበት ያዞረዋል፣ ኮምፒውተር አያድነውም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ 214 ተጽፏል።

ሰው 214 ጊዜ ተሳስቶ ይመስላችኋል። አይደለም። የሚቆጠረው እያንዳንዱ የካንዴላ ብልጭታ ነው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ ዙር ሦስቴ ያቀጣጥላል። በደቂቃ 7,200 ዙር ላይ በሴኮንድ 360 ብልጭታ ማለት ነው። ስለዚህ 214 ከግማሽ ሴኮንድ ትንሽ ይበልጣል። አንዲት የተሳሳተች ማርሽ ናት። መቼ? መዝገቡ እሱንም ይዟል፤ 611ኛው ሰዓት ላይ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ 2,000 ሰዓት ሠርቷል። የሚሰበር ቢሆን ኖሮ ያኔ ይሰበር ነበር።

ፊልትሮው የሚፈታው 74 ሚሊሜትር በሆነ ቆብ መሰል መፍቻ ነው። ጋሼ ወረቀቱን በምላጭ ቆርጠው ነጭ ሶፍት ላይ እንደ አኮርዲዮን ዘረጉት። በባትሪ መብራት እጥፋት በእጥፋት አየን። ጥቁር ጥቃቅን ፕላስቲክ አለ፤ ሰንሰለቱ የሚንሸራተትበት መሪ ሲያልቅ የሚጥለው ነው፣ በዚህ ዕድሜ ይጠበቃል። ብልጭ የሚል ነገር የለም። ማግኔት አስጠጉ፣ ምንም አልተነሳም። ማግኔት የሚያነሳው ብረት የኩሽኔታ ወሬ ነው፤ እያብረቀረቀ ማግኔት የማያነሳው አልሙኒየም ደግሞ የሌላ ጉድ ወሬ ነው። አንዳንድ ምትክ ኩሽኔታ ኳሱ ሴራሚክ ስለሆነ ማግኔት አይይዘውም፤ ቀለበቱ ግን ብረት ነው። ለዚህ ነው ዓይንም ማግኔትም የሚያስፈልገው።

ሐኪሙ ፋይል አወጣ። 61,000 ማይል ላይ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ አብረው ተቀይረዋል። ይህ እምነት የሚያሳድር ነገር ነው። ኩሽኔታው ጋር ለመድረስ ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ አስተዋይ ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ነው የሚያሠራው። ደረሰኙ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ቀኑና ማይሉ አሉ። ማይሉን ካርፋክስ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት፣ ገጠመ። ደረሰኙን የቆረጠው ጋራዥ ደወልኩ፤ የቁጥሩን መጨረሻ ስነግራት ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ አገኘችው። ወረቀት ማንም ማተም ይችላል። ስልክ ማንሳት ግን ብር አያስወጣም።

14,500 ዶላር ብሎ ነበር። ፋይሉን ሁሉ አገላብጠን የውሃ ፓምፕ ደረሰኝ አጣን። በዚያች ምክንያት 13,200 ላይ ተስማማን። ጋሼ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፓምፑን ሊያወርዱልኝ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ለድካማቸው ብር አልቀበልም ብለው፣ አንዴ ልንዳው ነው ያሉት።