የአምስት ዶላር ትኬት ሒሳብ

ዲሲ ውስጥ ናይንዝና ዩ ስትሪት ጥግ ክትፎ ሊበላ የመጣ ሐበሻ ፓርኪንግ ፍለጋ ሲዞር፣ ቪ ስትሪት ላይ ረጅም ሰልፍ ያጋጥመዋል። ናይን ሰርቲ የሚባለው የኮንሰርት ክለብ ሰልፍ ነው፤ ክለቡ ከኤፍ ስትሪት ተነሥቶ እዚህ የገባው በ1996 ነው። አብዛኞቻችን ጩኸት ነው ብለን እናልፈዋለን። ኮንሰርት ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ግን የዚህችኑ ከተማ ባንድ፣ የፉጋዚን ሒሳብ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ፉጋዚ ከሴፕቴምበር 1987 እስከ 2002 መጨረሻ ከ1,000 በላይ ኮንሰርት ሠርቷል፤ 50ውንም ግዛት አዳርሷል። የበር ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዶላር ነበር። ይህ ቸርነት ብቻ አይደለም። 600 ሰው በ5 ዶላር ሲገባ 3,000 ዶላር ይሆናል። ማናጀር 20 በመቶ፣ ኮንሰርት አስያዥ 10 በመቶ ቢወስዱ 900ው ወዲያው ይሄዳል። ፉጋዚ ሁለቱንም አልቀጠረም፤ ስልክ እየደወለ ቀን የሚያስይዘው ጊታር ተጫዋቹና ዘፋኙ ኢያን ማካይ ራሱ ነበር። ትኬቱን አርክሶ የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና የአጃቢውን ወጪ እንዳለ የሚተው አዘጋጅ በመጀመሪያው ሌሊት ይከስራል። የእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፦ አዳራሹና ሴኩሪቲው በሰዓት እየተከፈላቸው ዘፋኙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። ፉጋዚ ማንኛውም ዕድሜ ይግባ ይል ነበር፤ ቡና ቤት ግን የሚያተርፈው ከመጠጥ ነው፣ ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ አይጠጣም። ስለዚህ ባንዱ ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንና የማኅበረሰብ አዳራሽ ይመርጥ ነበር። የመጀመሪያው መድረኩም ዊልሰን ሴንተር የሚባል የሰፈር አዳራሽ ነው።

ሰው የሚገፈትርና የሚደባደብ ሲኖርስ? ሙዚቃው ይቆም፣ ስሙ ባይታወቅም በጣት ይጠቆም ነበር። አልሰማም ካለ 5 ዶላሩ በፖስታ ታሽጎ ይሰጠውና ይወጣ ነበር። ፖስታው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይመጣ ነበር። ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

የፉጋዚ ሸክላ የሚወጣው ዲስኮርድ በሚባል የሸክላ አሳታሚ በኩል ነው። ዲስኮርድን ማካይና ጄፍ ኔልሰን በ1980 ሲጀምሩ መነሻው የቀድሞ ባንዳቸው ያጠራቀመው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ባንዱ ሲፈርስ አልተከፋፈሉትም፤ 1,000 ሸክላ አሳተሙበት። ሽፋኑን የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ውድ ስለሆነ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሙጫ እያጣበቁ ራሳቸው ሠሩት። ከዚያ በኋላም ከባንዶቹ ጋር የጽሑፍ ውል የለም፤ ወጪ ከተነሣ በኋላ ትርፉን ይካፈላሉ።

የፉጋዚ የድምፅ ባለሙያዎች ኮንሰርቶቹን ይቀዱ ነበር። ከ800 በላይ ቅጂ ተርፎ ከ2011 ጀምሮ በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀረበ፤ የአንዱ ዋጋም 5 ዶላር ተባለ።