የመስከረም ቢራ በታኅሣሥ ውርጭ

መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው። ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ፣ ሽሌንከርላ የሚባል አሮጌ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ለሥልጠና የሄድኩበት ጊዜ ነው። አስተናጋጁ ከእንጨት በርሜል የተቀዳ ጠቆር ያለ ቢራ ፊቴ አስቀመጠ። አፌ ሳይደርስ አፍንጫዬ ደብረ ብርሃን ገባ። የአክስቴ ጋን! በወይራ ታጥኖ፣ አፉ ተከድኖ፣ ድፍድፉን የሚጠብቅ ጋን።

የእነሱ እንጨት ወይራ አይደለም፤ ቢች የሚሉት የአገራቸው ዛፍ ነው። ጭሱም የሚገባው ከጋኑ ሳይሆን ከብቅሉ ነው። ብቅሉን በእንጨት እሳት ጭስ ያደርቁታል። ድሮ የብዙው ሰው ብቅል እንዲህ ነበር የሚደርቀው። ጭስ የማያስገባ ማድረቂያ ሲመጣ ሌላው ተወው፣ እነሱ ግን አልተዉም።

የቢራው ስም «ሜርዘን» ይባላል። ከማርች ወር የመጣ ስም ነው፤ የመጋቢት ቢራ እንደማለት። «በመጋቢት ተጠምቆ ታዲያ መቼ ነው የሚጠጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቢራ ከሐሳቤ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1553 የባቫሪያ መስፍን ቢራ የሚጠመቅበትን ጊዜ በሕግ ወሰነ። ከሴፕቴምበር 29 እስከ ኤፕሪል 23 ብቻ። በበጋቸው ሙቀት የተጠመቀ ቢራ ይበላሻል፣ ከማፍያው እሳትም ቃጠሎ ይነሣል። ስለዚህ ጠማቂው በማርች ጠንከር ያለውን፣ ሆፕስ (እንደ እኛ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው ተክል) የበዛበትን ቢራ ያዘጋጃል። ከመሬት በታች ባለ ጓዳ ውስጥ በረዶ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከላይ ለጥላ ዛፍ ይተክላል። ሙቀቱ አልፎ አዲስ ጠመቃ ሲመጣ፣ በርሜሉ መለቀቅ አለበትና የቀረው ቢራ በደስታ ይጠጣል።

ሁለቱን ቀኖች ልብ በሉልኝ። በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 29 የቅዱስ ሚካኤል ቀን ነው፣ ኤፕሪል 23 ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እነሱም በጊዮርጊስ ይቆጥራሉ?» አለች። ሴፕቴምበር 29 በእኛ መስከረም 19 ነው። መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው።

ኦክቶበርፌስት የሚባለው የሙኒክ ድግስ ከዚህ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1810 የባቫሪያ አልጋ ወራሽ ሉድቪግ ቴሬዛን ሲያገባ ለሕዝቡ ድግስ ተደረገ፣ ፈረስም ተጋለበ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖ ቀረ። ሜዳው እስከ ዛሬ በሙሽራይቱ ስም ይጠራል። ስሙ የኦክቶበር ቢሆንም የሚጀመረው በሴፕቴምበር አጋማሽ ነው፤ እኛ ጋ አደይ አበባው ሲፈካ። ቀላ ያለው ሜርዘን ወደ ድግሱ የገባው በ1872 ነው።

አሁን ሙኒክ ድንኳን ውስጥ ብትገቡ የምታገኙት ግን ሌላ ነው። ወርቃማ፣ ቀለል ያለ፣ አልኮሉ 6 በመቶ አካባቢ የሆነ ቢራ በአንድ ሊትር ጃንቦ ይመጣላችኋል። ፓውላነር የሚባለው የሙኒክ ጠማቂ በ1970ዎቹ የጀመረው ነው፤ ሆድ ሳይሞላ ብዙ እንዲጠጣ። ድንኳኑ ውስጥ መሸጥ የሚችሉትም የሙኒክ 6 ጠማቂዎች ብቻ ናቸው። ጥሩ ቢራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቀዩን ያስረሳል ብዬ አዝናለሁ። ቀዩን አጥብቀው የያዙት የባምበርግ ዓይነት ትንንሽ ጠማቂዎችና፣ የሚገርመው፣ አሜሪካውያን ናቸው። ካሊፎርኒያ ያለው ሴራ ኔቫዳ ከ2015 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ የጀርመን ጠማቂ ጋር ተጣምሮ የድግሱን ቢራ ሠርቷል። ሰው ከሰው ሙያ ሲማር ደስ ይለኛል።

ወደ ቤት ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ እርሾና ሆፕስ ነበር። ገብሱ እዚሁ ሞልቷል። የሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ አገር ነው። ብርዱንም ማንም አያስተምረን። የጀርመኖች መጋቢት ደብረ ብርሃን ላይ ታኅሣሥ ነው። ሌሊት ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። የዚህ ቢራ እርሾ ደግሞ ብርድ ይወዳል፤ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው ቀስ ብሎ የሚሠራው።

ብቅሉን አክስቴ አበቀለችልኝ። ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በጆንያ ጠቅልላ፣ ሲያጎነቁል ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሜርዘን ግን የዳቦ ቅርፊት ጣዕም አለው። ያ የሚመጣው ብቅሉ በሞቃት አየር በደንብ ሲደርቅ ነው። ከ6 ኪሎው 2ቱን ይዤ ሰፈራችን ወዳለ ዳቦ ቤት ሄድኩ። የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃው ሲበርድ፣ ብቅሉን በትሪ አስገባነው። ሲወጣ የነበረው ሽታ! ባለ ዳቦ ቤቱ እፍኝ አንሥቶ ቆረጠመው።

ጠመቃው ላይ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ91 አካባቢ ነው የሚፈላው። ሆፕስ ምሬቱን የሚሰጠው ሲፈላ ነውና ረዘም ላለ ጊዜ ማፍላት ነበረብኝ። የድሮዎቹን ዘዴም ሞከርኩ። ከድፍድፉ አንድ ሦስተኛውን ቀድቶ ለብቻ ማፍላት፣ ከዚያ መመለስ። ቴርሞሜትር ሳይኖር ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚያደርጉት በዚህ ነበር። አክስቴ ቆማ እያየች «እንኩሮ ነው እንዴ የምታገነፋው?» አለችኝ።

ያላሳመንኳት በማቆየቱ ነው። «አንተ ልጅ፣ ጠላ በሳምንቱ ነው የሚያምረው። ዘጠኝ ወር የከረመ ምን ይሆናል? ኮምጣጤ!» እውነት አላት። ጠላ ትኩስ ነገር ነው፤ ጉሹም ፍልተሩም በቀኑ ነው። እኔ ደግሞ ልቤ የሄደው ያ መቆየት ላይ ነው። ብርድ ውስጥ ሲከርም ሻካራው ይለዝባል፣ እርሾው ይዘቅጣል፣ ቢራው ይጠራል።

በመጀመሪያው ዓመት እሷ ያለችው ሆነ። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬው ሐምሌ ላይ መብራት ለአራት ቀን ጠፋ። ስከፍተው ሽታው ፊቴን መታኝ። ሃያውን ሊትር ደፋሁት። ያን ቀን እራት አልበላሁም። አክስቴ «ነግሬህ ነበር» አላለችም። በማግስቱ የጓዳዋን ጥግ አሳየችኝ። ድንጋይ ግድግዳ ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም። እዚያ ጉድጓድ ቆፈርን። በርሜሉን አስገብተን እርጥብ ጆንያና ጭድ ጎዘጎዝንበት። ክረምቱ ብርዱን ጨመረበት።

በሁለተኛው ዓመት ለደመራ ዋዜማ ከፈትነው። እንደ ማር ቀይ፣ ጥርት ያለ። አረፋው ብርጭቆው አፍ ላይ ቆየ። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ልጆች ችቦ ያስራሉ። አክስቴ በዋንጫዋ ካልሆነ አልጠጣም አለች። ተጎነጨች፤ ቆየች። ደግማ ተጎነጨች።

«ጠላ አይደለም» አለች። «ግን እህሉ ይሰማል።»

ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልፈልግም። ከተማችን ትልልቅ ቢራ ፋብሪካዎች አሏት፤ ዳሽንም ሐበሻም እዚህ ይጠምቃሉ። አዲስ አበባ ቦሌ ደግሞ ቢር ጋርደን ኢን በጀርመን መንገድ ነጣ ያለውንና ጥቁሩን ጠምቆ እዚያው ይቀዳል። እኔ የምመኘው እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ትንሽ ቤት ነው። የመንዝን ገብስ ከገበሬው የሚገዛ፣ በታኅሣሥ የሚጠምቅ፣ በመስከረም የሚከፍት።

ለዘንድሮው አክስቴ ራሷ ሐሳብ አመጣች። ባምበርግ ስላለው ጭስ ስነግራት ቆይቼ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ብቅል በወንፊት ዘርግታ፣ ሥር የወይራ ፍልጥ እያጨሰች አገኘኋት። ዓይኗ እንባ አቅሯል። «ሁለት ኪሎ ይበቃሃል ወይስ ልጨምር?» አለችኝ።

ጨምሪ አልኳት።