ስኳር ላለበት ሰው የጥድፊያ ቁርስ፦ እኔ እንዴት እንደመረጥኩ

ዓይነት 2 የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ካወቅኩ ወዲህ ከምግብ ሁሉ አብዝቼ የማስብበት ቁርስ ነው። ጠዋት ስኳር የሚወጣበት የራሱ ምክንያት አለው። ሊነጋ ሲል ሰውነታችን እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ጉበትም ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ኢንሱሊን በዚያ ሰዓት ደከም ስለሚል፣ ማታ ብዙም የማያስቸግረኝ ነጭ ዳቦ ጠዋት ስኳሬን ወዲያው ያንረዋል።

ስለዚህ ዳኝነቱን ለመለኪያው ሰጠሁት። ከመብላቴ በፊት እለካለሁ፣ መብላት ከጀመርኩ ከሁለት ሰዓት በኋላም እደግማለሁ። ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ነው። የእናንተን ግን ሐኪማችሁ ይወስን። ባንድ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። ዳቦውንም መጠጡንም አብሬ ብቀይር የትኛው እንደረዳኝ በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ የወጣው ጭማቂ ነው። ስኳር ባይጨመርበትም አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ከ20 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ ስኳሩን የሚያዘገየው የፍሬው አሰር ግን አብዛኛው ቀርቷል። ፍሬውን እንዳለ መብላት ይሻላል።

አጃን አልተውኩትም። በደቂቃ የሚደርሰው የላመ አጃ ስኳሬን ቶሎ ያወጣዋል፣ ሻካራው ግን ቀስ ይላል። ማታ ስኳር በሌለው እርጎ ዘፍዝፌ ፍሪጅ አስገባዋለሁ፤ ጠዋት ጥቂት ለውዝ ጣል አድርጌበት እበላለሁ። ምድጃ መለኮስ የለም። እንቁላልም እንዲሁ ነው። ቀድሜ ቀቅዬ ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ባስቀምጠው ሳምንት ይቆይልኛል። የአበላል ቅደም ተከተልም ለውጥ አለው፦ መጀመሪያ እንቁላሉን፣ ከዚያ ዳቦውን ስበላ ስኳሬ ያን ያህል አይወጣም።

የታሸገ ነገር ስገዛ ፊት ለፊት የተጻፈውን «ለጤና ተስማሚ» አላይም። ጀርባውን ገልብጬ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬቱንና ቁጥሩ ለስንት ግራም እንደሆነ አነባለሁ። ጣዕም የተጨመረበት እርጎ ላይ ይህን ማድረግ በጣም ይጠቅማል።

ጊዜ የለኝም ብዬ ግን ቁርስ አልዘልም። የምወስደው መድኃኒት ግሊሜፒራይድ ነው፤ እንደ እሱ ያሉት መድኃኒቶችና ኢንሱሊን ሳይበሉ ከተወሰዱ ስኳርን ከልክ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። ጭማቂም የሚያስፈልገኝ ያኔ ነው። ስኳሬ ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ስኳር የሚሆን ጭማቂ እጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ እለካለሁ። ካልተስተካከለ እደግመዋለሁ። ለዚህ ብዬ አንድ ትንሽ እሽግ ጭማቂ ከቦርሳዬ አይጠፋም።